‹ሽሽ› ያለው ከበሮ

ደህና መጣህ፤ ከከበሮ ውስጥ ማሽላ እየጨለፍን ነው። ከጎተራ አላልኩም፣ ከከበሮ። እኔ በጣሳ እጨልፋለሁ፣ ጋሽ ዘውዱ የጆንያውን አፍ ይይዛሉ፣ ባለቤታቸው እትዬ ጌጤ ደግሞ በራፉ ላይ ቆመው፣ እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው፣ ሬሳ እንደሚወጣበት ቤት ያዩናል። በየጣሳው «እንግዲህ እናንተው ታውቃላችሁ» ይላሉ። ይህች ቃል ከባለትዳር ሴት አፍ ስትወጣ ትርጉሟ «ምንም አታውቁም» ማለት እንደሆነ ትምህርት ቤት ባያስተምሩኝም አውቃለሁ። ለነገሩ ትምህርት ቤት ያስተማሩኝ ጥቂት ነው፤ ከስምንተኛ ክፍል በገዛ ፈቃዴ ተሰናበትኩ፣ የሸኘኝም የለም።

ማሽላው እስኪያልቅ አንድ ነገር ልበልህ፤ ካላልኩት ያንቀኛል። በእኛ አገር የሚያዘው ያጠፋው አይደለም፣ ድምፅ ያሰማው ነው። ሌባ አጥር ሲዘል ያየው የለም፤ የጮኸው ውሻ ግን በድንጋይ ይባላል። በረዶ እህሉን ሲያወድመው የሚረገመው ነጎድጓዱ ነው። ጦርነት ሲመጣስ የሚወቀሰው ማን መሰለህ? ተኳሹ ነው? አስተኳሹ ነው? አይደለም። በሐብሩ ወረዳ፣ መርሳ ከተማ ነዋሪ የሆነ፣ ዕድሜው ከእኔ የሚበልጥ፣ ሆዱ ማሽላ የለመደ አንድ ትልቅ ከበሮ ነው። የምቀልድ ይመስልሃል። እኔም ቀልድ በሆነልኝ።

ጋሽ ዘውዱ አከራዬ ናቸው። እኔ ከግቢያቸው አንዲት ክፍል ተከራይቼ ባጃጄን ከበራቸው አቆማለሁ፤ ቤንዚን ሲገኝ እነዳታለሁ፣ ሳይገኝ እወለውላታለሁ። ከጦርነቱ ወዲህ ከመንዳቱ መወልወሉ በዝቷል። እሳቸው ደግሞ ባትላሜራ ናቸው፤ የተጋጨ መኪና አምጣላቸው፣ የተጨማደደውን ፓራፋንጎ በመዶሻ ቀጥቅጠው እንደ ሕፃን ጉንጭ አድርገው ይመልሱታል። ከዚያ በፊት ግን፣ ደርግ ሳይወድቅ፣ የኪነት ቡድን ጃዝ መቺ ነበሩ። ያኔ የድራሙን ስብስብ በሙሉ ጃዝ ነበር የሚሉት አሉ። ለእኛ ዘመን ሰው «ጃስ» ማለት ውሻን ሰው ላይ መልቀቅ ነው፤ ለነገሩ መጨረሻውን ሳየው ብዙም አይራራቅም።

መንግሥት ሲለወጥ ቡድኑ ተበተነ። ዘፋኙ ነጋዴ ሆነ፣ ጊታሪስቱ መነኮሰ፣ ጋሽ ዘውዱ ዱላቸውን በመዶሻ ለውጠው መርሳ ወረዱና እትዬ ጌጤን አገቡ። ከበሮዎቹም አብረው ተዳሩ። እትዬ ጌጤ ዕቃ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ የማይወዱ ሴት ናቸውና ለእያንዳንዱ ሥራ ሰጡት። ትንሹ ከበሮ ዶሮ ይታቀፍበታል። አንደኛዋ ዱላ የበር መቀርቀሪያ ሆነች። ያ በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ የፊት ቆዳው ተፈቶ፣ ተጋድሞ፣ ማሽላ ተሞላበት፤ ከላይ የሚንጠለጠለው የነሐስ ሳህን ደግሞ ክዳኑ ሆነ። እንግዲህ ሙዚቃ እንጀራ አይሆንም የሚል ሰው ካለ መርሳ ይምጣና ይይ።

ነገር ግን እትዬ ጌጤ ባላቸው ከበሮ ሲመቱ አንድም ቀን ሰምተው አያውቁም። የተጋቡት ቡድኑ ከተበተነ በኋላ ነዋ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰሙት ብረት ሲመቱ ነው። ጋሽ ዘውዱ በበዓል ቀን ጠላው ሁለተኛው ጣሳ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ የሚጀምሩት፣ ሁልጊዜም የማይጨርሱት ወሬ አለ። «ጌጤ እኮ አንድ ቀን ሰምታኝ ቢሆን ኖሮ…» ይላሉ። ከዚያ ጣሳውን ያነሳሉ። ቢሆን ኖሮ ምን? አይናገሩም። እትዬ ጌጤም «ማሽላዬ ይሰማል፣ ይበቃኛል» ይላሉ። እኔ እስቅ ነበር። አሁን ሳስበው የሚያስቅ ነገር አልነበረውም።

ያ ከበሮ ግን ውለታ አለው። በሁለተኛው ዙር ጦርነት፣ ከተማው የተያዘ ጊዜ፣ ታጣቂዎች ቤት ለቤት እህል ሲፈልጉ እኛ ግቢ ገቡ። ፍራሹን ገለበጡ፣ አልጋ ስር ገቡ፣ ኮርኒሱን ሳይቀር በዱላ ወጉት። አንደኛው ደክሞት ነበርና፣ ልጅ ነው፣ ከእኔም ያንሳል፣ ሄዶ ከበሮው ላይ ቁጭ አለ። እዚያው ተቀምጦ፣ በማሽላው ላይ ተቀምጦ፣ «እማማ፣ እህል የት ነው ያስቀመጡት?» ብሎ ጠየቀ። እትዬ ጌጤም ዓይናቸውን ሳያሹ «ልጄ፣ ሙዚቀኛ ቤት እህል ይገኛል?» አሉት። አዘነላቸው መሰለኝ፣ ከኪሱ ብስኩት አውጥቶ ሰጥቷቸው ሄደ። ያን ክረምትና መስከረምን ያሻገረን የዚያ ከበሮ ሆድ ነው። ከዚያ በኋላ እትዬ ጌጤ ያንን ከበሮ የሚያዩት እንደ ታቦት ነው፤ እግር እንኳ አያስነኩትም።

አሁን ደግሞ የምናደድበት ሰው ይግባ። ስሙን አልጠራም፤ ሰብሳቢው እንበለው፣ ኮሚቴ የሚባል ነገር ሁሉ ሰብሳቢው እሱ ነው። በሁለተኛው ዙር፣ ከባድ መሣሪያው ከሰሜን ሲጮህ፣ ሞንታርቦ በተጫነች መኪና ከወልድያ እስከ መርሳ እየዞረ «የተከበራችሁ ነዋሪዎች፣ ተረጋጉ፣ ወደ ሥራችሁ ተመለሱ» ሲል የዋለው እሱ ነው። እኛም ተረጋጋን። እንዴት ያለ መረጋጋት መሰለህ፤ እንደዚያ ተረጋግቼ አላውቅም። በነጋታው ብንነሳ ሰብሳቢው የለም፣ መኪናዋ የለችም፣ ሞንታርቦውም የለም። ለካ ‹ተረጋጉ› ያለን መንገዱን እንዳናጨናንቅበት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእኛ አካባቢ ‹ተረጋጉ› ማለት ‹ጫማህን እሰር› ማለት ሆነ። ሕፃን ልጅ እንኳ ‹ተረጋጋ› ስትለው ደብተሩን ይሰበስባል።

ከተማው ሲለቀቅ ይህ ሰው ከበፊቱ በላይ ሆኖ ተመለሰ፤ ምን አለበት፣ እንዲህ ያለ ሰው ውኃ ላይ የወደቀ ቡሽ ነው። እናም ይህ ክረምት ሲገባ፣ ‹ሦስተኛው ዙር ሊጀመር ነው› የሚል ወሬ ከገበያ ገበያ ሲዘል፣ ሕዝቡን የሚያረጋጋ የሙዚቃ ዝግጅት በወልድያ እንዲደረግ አሰበ። መፈክሩም ‹ከተማችን ሰላም ናት› የሚል። ችግሩ ሙዚቀኛ ነው። ከወጣቶቹ ግማሹ ዘምቷል፣ ግማሹ አዲስ አበባ ገብቷል። የቀረው አንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነው፣ ዘፈኑንም ራሱ ይዘፍናል። ኪቦርዱ ውስጥ ከበሮ አለ፣ አንድ ቁልፍ መጫን ነው፤ ሰብሳቢው ግን ‹ላይቭ› ይሁን አለ። ሕዝቡ ሰው ላብ ሲያልበው ካላየ ሰላም መሆኑን አያምንም አለ። ይህችን እንኳ አልጠላኋትም።

ሰብሳቢውና ሰዎቹ የጋሽ ዘውዱን የድሮ ሙያ ሰምተው ጋራዣቸው ድረስ መጡ። ሰብሳቢው «አባት፣ አገር ትፈልግዎታለች» ብሎ ጀመረ። አገር አንተን ስትፈልግ አብዛኛውን ጊዜ በነፃ ነው የምትፈልግህ፤ እሱን ተወው። ጋሽ ዘውዱ መዶሻቸውን አስቀመጡ። ረጅም ጊዜ እጃቸውን አዩ። እኔ እምቢ የሚሉ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ባለቤቴ መጥታ ትሰማ ዘንድ ይቻላል ወይ አሉ። ሰብሳቢውም ከፊት ወንበር፣ ከክቡራን እንግዶች ጎን ብሎ ቃል ገባ። ያኔ የዚያ ሁልጊዜ የማይጨረስ ወሬ ጭራው ታየኝ።

ከዚያ ልምምድ ተጀመረ፤ ከበሮው ማሽላ ላይ ስለሆነ ልምምዱ በመኪና በር ላይ ነው። ጉዱ የወጣው ያኔ ነው። የባትላሜራ ቀኝ እጅ ይመታል፣ ግራ እጁ ግን ከቆርቆሮው ጀርባ ብረት ደግፎ መያዝ ብቻ ነው ሥራው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የያዘ እጅ መምታት ረስቷል። ቀኙ አምባሰል ሲሄድ ግራው ዝም ብሎ የሆነ ነገር ሊደግፍ ይዘረጋል። ጋሽ ዘውዱ ግራ እጃቸውን እንደ ሰነፍ ተማሪ ይቆጡታል፤ «አንተ፣ ተነስ፣ ድጋፍ አብቅቷል» ይሉታል። አንድ የግራና ከተማ ነጋዴ የአይሱዙውን በር ሊወስድ መጥቶ ቢያይ፣ የገባው አንድ ጎርባጣ ወጥቶ ሌላ አርባ ትንንሽ ጎርባጣ በመስመር ተደርድሯል። ምንድን ነው ይሄ ቢል፣ «ችክችካ ነው» አሉት። በነፃ ደግመው አቀኑለት። በሳምንቱ መጨረሻ ግን ግራው እጅ ነቃ። ማታ እራት ላይ ሳይቀር ገበታውን ይደበድብ ጀመር፤ እትዬ ጌጤ «አሁን ደግሞ እንዲተኛ አድርገው» እስኪሉ ድረስ።

እንግዲህ ወሬዬን ስጀምር ወዳስገባሁህ የማሽላው ዕለት ደረስን። እትዬ ጌጤ ቀላል አልነበሩም። ያ ልጅ የተቀመጠበት ቀን ባዶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ማን ሊመታው ነበር አሉ። ጆንያን ማንም ያየዋል፤ ከበሮን ማን ይጠረጥራል? ነገ ቢመለሱስ? ጋሽ ዘውዱም አንድ ቀን ብቻ ነው ጌጤ፣ ሲመሽ ማሽላሽ ወደ ቤቱ ይመለሳል እያሉ ለመኑ። በመጨረሻ እሺ አሉ። ነገር ግን ልንጨርስ ሁለት እፍኝ ሲቀረን ጣሳዬን ያዙት። የእህል ዕቃ ተጠርጎ አይወጣም፣ ለበረከት ይቀመጣል አሉ። ጋሽ ዘውዱ፣ ኧረ ጌጤ፣ ድምፁን ያበላሸዋል ቢሉ፣ «አንተ ከላይ ምታ፣ እሱ ከታች ይቀመጥ፤ ምን አገናኛችሁ» ብለው ነገሩን ዘጉት። ሁለቱን እፍኝ ውስጡ ትተን ቆዳውን ጠረቅነው። እኔ ያኔ ነገሩ አልገባኝም። ከገባኝ በኋላ ደግሞ ረፍዷል።

በሰው እጅ ያለ ከበሮ ሲያዩት ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር ይባላል። የተረተው ሰው ከበሮ በባጃጅ ጭኖ ባያውቅም ልክ ነው። በሃይላንድ ጠርሙስ የገዛናትን ቤንዚን ጠጥታ ባጃጄ ከመርሳ ተነሳች። ከኋላ ትልቁ ከበሮ፣ በከበሮውና በሸራው መሃል እትዬ ጌጤ፣ ከእኔ ጎን ተለጥፈው ጋሽ ዘውዱ፣ ትንሹ ከበሮ ጉልበታቸው ላይ፣ የዶሮዋ ላባ እንዳለበት። ሲሪንቃ ስንደርስ ኬላ አለ፤ ገመድ የያዘ የገበሬ ሚሊሻ አስቆመን። ከበሮውን ነቅነቅ ሲያደርገው ከውስጡ ሽሽ አለ። «ውስጡ ምንድን ነው?» አለ። እትዬ ጌጤ «በረከት» አሉት። ሚሊሻው ባርኔጣውን አነሳ፣ «አሜን፣ ይብዛ» አለ፣ ገመዱንም ለቀቀው። ይህን ሰውዬ አስታውሰው። ፊደል የቆጠረ አይመስለኝም።

ወልድያ ደረስን። ሜዳው በሰው ሞልቷል፤ ሰው እንዲህ ከተሰበሰበ ቆይቶ ነበር። እትዬ ጌጤ እውነትም ከፊት ተቀመጡ። ሰብሳቢው ሰላም ስለመሆናችን ረጅም ንግግር አደረገ፤ ሰላም የሆነ ሰው ያን ያህል ይነገረዋል? ከዚያ ኪቦርዱ በአምባሰል ጀመረ። ጋሽ ዘውዱ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ እግራቸውን አነሱ።

ወዳጄ፣ እዚህ ላይ አልቀልድም። እኒያ ጎንበስ ብለው መኪና ስር ሲገቡ የማውቃቸው ሽማግሌ ቀና አሉ። ቀኙ ሲጠይቅ ግራው ይመልሳል። ትከሻቸው ብቻውን ይስቃል። የሜዳው ሰው መጀመሪያ በእግሩ፣ ከዚያ በራሱ፣ ከዚያ በትከሻው ተከተላቸው። ከስንት ወር በኋላ ነው የወልድያን ሰው ትከሻ ሲንቀሳቀስ ያየሁት፤ የተሸከመውን ለትንሽ ጊዜ ያወረደ ይመስል ነበር። እትዬ ጌጤን ብመለከት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል።

ከዚያ ኪቦርድ ተጫዋቹ ለክብር ብሎ እጁን አነሳና መድረኩን ለከበሮው ብቻ ለቀቀ። ማይክ ደግሞ ከትልቁ ከበሮ ሥር ደቅነውለታል። «ድም» አለ። ሜዳው ጸጥ አለ። ከድሙ በኋላ፣ ከሆዱ ሥር፣ ሁለት እፍኝ ማሽላ ተንሸራተተችና በሞንታርቦ በኩል፣ ለዚያ ሁሉ ሕዝብ፣ ጥርት አድርጋ «ሽሽ» አለች።

ድም፤ ሽሽ። ድም፤ ሽሽ።

ከእኔ ፊት ያሉ አንድ አዛውንት ወደ ጎረቤታቸው ዞረው «ምን አለ?» አሉ። «ሽሽ አለ» አሏቸው። «ማንን?» አሉ። መጀመሪያ ተሳቀ። የወሎ ሰው አይደል፣ አንዱ ጎረምሳ «እስካሁን እኮ ከነገሩን ሁሉ እውነቱን የተናገረ ይሄ ነው» አለ፣ ደግሞ ተሳቀ። ግን ሳቁ እየሳሳ ሄደ። ድም፤ ሽሽ። አንዲት እናት ልጇን ከጭኗ አንስታ በጀርባዋ አዘለችው። ሌላዋ ጫማዋን አየች። ቢሆንም ልንገርህ፣ ገና ማንም አልሮጠም። በገብርኤል እምላለሁ፣ ማንም አልሮጠም። ሰው ቁጭ ብሎ እየተጠራጠረ ነበር፤ መጠራጠር ደግሞ ወንጀል አይደለም።

ያኔ ሰብሳቢው ማይክ ቀማና፣ በዚያ ሁላችን በምናውቀው ድምፅ፣ «የተከበራችሁ ነዋሪዎች፣ ተረጋጉ» አለ።

አለቀ። ሜዳው እንደ ተቀደደ ጆንያ ፈሰሰ። ወንበር ተገለበጠ፣ ጃንጥላ ቀረ፣ ክቡራን እንግዶች በአጥር ዘለሉ፤ ከወንበራቸው ክብደት አንጻር የዘለሉት ከፍታ ያስደንቃል። ኪቦርድ ተጫዋቹ ኪቦርዱን አዝሎ ሲሮጥ ሽቦው ይከተለዋል። እኔ ወደ ባጃጄ ሮጥኩ፤ አልዋሽህም፣ ሁለት እርምጃ ሮጬ ነው ያፈርኩት። ዞር ስል ጋሽ ዘውዱ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ይመታሉ። ምንም አላዩም። ሕዝቡ ጸጥ ብሎ የሚያዳምጣቸው መስሏቸው ደረታቸውን ነፍተዋል። መቱ፣ መቱ፣ አሳመሩና ዘጉት። ዓይናቸውን ሲገልጡ ሜዳው ላይ ያለነው እኔና የተገለበጠው ወንበር ሁሉ ነን፤ ከፊት ረድፍ ደግሞ እትዬ ጌጤ፣ ብቻቸውን፣ እግራቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል። እትዬ ጌጤ ቀስ ብለው አጨበጨቡ። ለምን አልሮጡም ብዬ ኋላ ጠየቅኋቸው። «ማሽላዬን ጥዬ?» አሉኝ። ዓይናቸው ግን ከማሽላ ሌላ ነገር ይል ነበር።

አሁን ደግሞ ደሜ የሚፈላበት ደረሰ። በዚያ ቀን ሕዝቡን ማን በተነው? አንተ ፍረድ። ‹ሽሽ› ያለው ነው ወይስ ‹ተረጋጉ› ያለው? ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጋሽ ዘውዱን ከነከበሯቸው አንድ ቢሮ አስገቧቸው። ወንጀሉ ሕዝብ ማሸበር። እኔም ‹አጓጓዥ› ተብዬ አብሬ ገባሁ። ሰብሳቢው ራሱ ከጠያቂዎቹ ጎን ተቀምጧል። ከበሮውን ፈትታችሁ አሳዩ አሉ፤ ቆዳው ሲወልቅ ሁለት እፍኝ ማሽላ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ሁሉም ቦምብ እንዳዩ ወደኋላ አሉ። «ይህ ምንድን ነው?» አሉ። ጋሽ ዘውዱ፣ እውነተኛ ሰው ናቸውና፣ «በረከት ነው» አሉ።

ጠያቂው እስክሪብቶውን አነሳ። «በረከት ማነው?» አለ።

ጋሽ ዘውዱ አልገባቸውም። የቤት ነው፣ ባለቤቴ ናት ያስቀመጠችው አሉ። ጠያቂው ጻፈ። የአባቱ ስም ማነው? በረከት የት ነው የሚኖረው? ከመቼ ጀምሮ ታውቁታላችሁ? ባለቤትዎ ከበረከት ጋር ምን ግንኙነት አላት? እዚህ ላይ ጋሽ ዘውዱ ተቆጡ፤ ሠላሳ ዓመት አብሮን የኖረ ነው፣ በክፉ ቀን ያልተለየን፣ ምን ነካህ አንተ ልጅ አሉት። ጠያቂው ይህንንም ጻፈው። ያ የሲሪንቃ ሚሊሻ «አሜን» ብሎ የለቀቀውን ነገር፣ ዲግሪ የጫኑ ሰዎች በሦስት ገጽ አልደረሱበትም። እኔ መሳቅ ፈልጌ መሳቅ አቃተኝ፤ እንዲህ ያለ ሳቅ ሲታፈን ወደ ቁጣ ነው የሚቀየረው፣ እስካሁንም አልበረደልኝ። በመጨረሻ እትዬ ጌጤ በር ገፍተው ገቡ። ማንንም አላዩም፣ ማንንም ሰላም አላሉም። በነጠላቸው ጫፍ ማሽላቸውን ከጠረጴዛው ላይ ለቅመው፣ አንዲት ፍሬ መሬት ብትወድቅ ጎንበስ ብለው አንስተው፣ «ተነስ ዘውዱ» አሉ። የሚያስቆማቸው አልተገኘም። ሰብሳቢው ከኋላችን፣ ሁለተኛ ከበሮ እንዳይነኩ፣ ‹ሟርተኛ› ብሎ ሸኘን።

ሟርተኛ የምትለዋ ቃል ከእኛ ቀድማ መርሳ ደረሰች። ጋራዡ ላይ ሰው ጋሽ ዘውዱን ‹ከበሮው ዛሬስ ምን አለ?› እያለ ይቀልድባቸው ጀመር። አንዳንዱ መኪናውን ሌላ ጋር ይወስዳል፤ በሟርተኛ እጅ የተቃና በር አይዘጋም ብሎ ይሆናል። ሽማግሌው መዶሻቸውን ያነሳሉ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ አንድ ቀን መትተው የተረፋቸው ይሄ ስም ነው። ማሽላው ወደ ከበሮው ተመለሰ፣ ዶሮዋም ወደ ከበሮዋ። አንድ ማታ ግን በግድግዳዬ በኩል እትዬ ጌጤ ሲጠይቁ ሰማሁ፤ «ያ መጨረሻ ላይ በግራህ ያደረግከው ምን ይባላል?» ጋሽ ዘውዱ ረጅም ነገር ማስረዳት ጀመሩ። እኔ ትራሱን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ፤ የሰው ትዳር ነው።

ሳምንት አልሞላም። ከባድ መሣሪያው በቆቦ በኩል ጮኸ፣ ሦስተኛው ዙር መጣ። መንገዱ በሰው ሞላ፤ ከወልድያ ወደ ሲሪንቃ፣ ከሲሪንቃ ወደ መርሳ፣ በእግር፣ በጋሪ፣ በአህያ። ያን ቀን ሰው ጋሽ ዘውዱን በሌላ ዓይን አየ። የሚያልፈው ሁሉ «ከበሮው እኮ ነግሮን ነበር» እያለ ያልፋል። ተመልከት፣ መጀመሪያ ስለተናገረ ሟርተኛ ነው፣ ኋላ ስለተናገረ ነቢይ ነው፤ ማሽላ ነው ብሎ የሰማው ግን ማንም የለም።

እኛም ባጃጇን ጫንን። ከበሮው እስከ አፉ ማሽላ ነው፣ ክዳኑ በገመድ ታስሯል፣ እትዬ ጌጤ አቅፈውታል። ልንነሳ ስንል አንዲት መኪና፣ ፍራሽና ቴሌቪዥን ላይዋ ላይ የታሰረ፣ ፓራፋንጎዋ የተጋጨ፣ ከሕዝቡ መሃል ጥሩንባ እየነፋች መጥታ ከጎናችን ቆመች። መስኮቱ ወረደ። ሰብሳቢው ነው። ጋሽ ዘውዱን አያቸው፣ ከበሮውን አየው፣ ዓይኑን ሰበረ። ከዚያ አንገቱን ወደ እኔ አውጥቶ፣ ሰው እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ወንድሜ፣ እባክህ ለአባት ንገርልኝ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቢመቱት፣ ሐይቅ ይበቃል ወይስ ደሴ ድረስ ልሂድ፣ ዛሬ ከበሮው ምን ይላል አለኝ።

ጋሽ ዘውዱን አየሁ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከልቡ ይምቱልኝ ብሎ የሚለምናቸው ሰው ሲመጣ ከበሮው ሙሉ ነው፤ የሞላ ከበሮ ደግሞ አይናገርም። እሳቸው የክዳኑን ገመድ አጠበቁ። ወደ እትዬ ጌጤ ዞርኩ።

እትዬ ጌጤ ክዳኑን መታ መታ አደረጉና፣ ሰብሳቢውን ሳያዩ፣ ለእኔ እንዲህ አሉኝ፦

«ምን ታፈጥብኛለህ ልጄ፤ ‹ተረጋጉ› ይላል በለው።»